የእጅ አንጓ

ሃፕሳሉ ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ሻጮች ማዶ፣
ሱቄ አንዲት ክፍል ናት፤ በሯን ጨው በልቶታል፣ ግድግዳዋ በርዶ።
አርባ ዓመት ሙሉ፣ ባንድ ዓይኔ አጉልቼ፣
ከቁንጫ የሚያንስ ስንት ብሎን ፈትቼ፣
ስንት ጥርስ ገጥሜ፣ ስንቱን አስነሥቼ፣
እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመኝም፣
ላይዳ እስክትመጣ።

ጓንቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ዘርግፋ፣
ሰባት የእጅ ሰዓት ፊቴ ላይ ደርድራ፤
ሰባቱም የቆሙ፣ ሰባቱም በየፊናቸው፤
አንዱ ሦስት ከሩብ፣ ሌላው ዘጠኝ ሲሆን፣
የቀን ይሁን የሌት፣ ማን ጠይቆ ያውቃቸው።

«አንድ ወር ይሠራል፤ ቢበዛ አርባ ቀን።
ከዚያ ቀጥ ይላል። ክንዴ ላይ ያለው ምን?»

ከፈትኳቸው ሁሉን።
ባትሪው ያልተነካ፣ ጥርሱ ያልጎደለ፣
ዘይቱ ያልደረቀ፣ ዝገት ያልበቀለ።
መስኮቴ ላይ ሰቅዬ ነካ ባደርጋቸው፣
እንደ ነቃ ሕፃን መጣ ትንፋሻቸው፤
ሳምንት ሙሉ ሄዱ፣ ደቂቃ ሳትጎድላቸው።

መለስኩላት። ወሰደች።
በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንዱን ይዛ መጣች፤
ቆሟል።

ሰው መቼም ቃል አያጣ።
ፋርማሲስቷ ማሬት «የላቧ ጨው» አለች።
መብራት ሠራተኛው ኡርማስ ቀበል አድርጎ፣
«ገላዋ ነው እንጂ! ሹራቧን ስታወልቅ
ብልጭታ አይቻለሁ» ቢል፣
ሚስቱ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።
እኔም ማግኔት መስሎኝ፣ ከክንዷ ሥር ኮምፓስ አስጠግቼ ነበር፤
መርፌው ሰሜን አለ። የለም አዲስ ነገር።

አባቷ ኤንደልም፣ የሐዲድ ዘበኛ፣
ሦስት የመንግሥት ሰዓት ክንዱ ላይ ሞቶበት፣
ደመወዙን ቆርጠውበት፣
ኋላ ተንበርክኮ ጆሮውን ከብረቱ ሲያስተኛ፣
ከታሊን የተነሣው ባቡር ይሰማው ነበር።
እንዲህ ይላሉ።

እሷ ደግሞ ነርስ ናት፣ ከሽማግሌዎች ቤት፤
በምን ትቆጥራለች የልብ ምት፣ ያለ ሰዓት?
«በአፌ» አለችኝ። «የልጅነት ዜማ አለኝ፣
ስለ ሰባት ዳክዬ፤
ሳልቸኩል፣ ሳልጎትት ስወጣው፣ ልክ ደቂቃ ይሞላልኛል።
ሽማግሌዎቹም ለምደውታል፤
ከከንፈሬ ሥር ሥር ይከተሉኛል።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስለ አዶ አነሣች፦

«መርከበኛ ነበር። ወሬዬን ሰምቶ፣
አንድ ሌሊት ጠራኝ፣ ደወሉን ትቶ፣ በስሜ ተጣርቶ።
‹ሰዓት ታቆሚ የለ? ያዢኝ› አለኝ፣ ‹እስኪነጋ፤
ልጄ በማለዳው ጀልባ ትመጣለች።›
ያዝኩት። የእሱ ሰዓት እጄ ሥር ነበረ።
ሰው ቢነግረኝ አላምን፤
በዕድሜዬ ከነካሁት ሁሉ፣ እሱ ብቻ አልቆመም፤
ቃ፣ ቃ፣ ቃ፣ እያለ።
አዶ ነው የቆመው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ።
ጀልባዋ ዘግይታ፣ በረዶ አግቷት፣ ቀትር ላይ ደረሰች።»

ምን ይባላል ለዚህ?
ማጉያዬን አወለቅሁ። «ክንድሽን» አልኳት።
አርባ ዓመት የብረት ልብ ያዳመጥኩ ሰውዬ፣
ጣቴን ያለ መሣሪያ አንጓዋ ላይ ጥዬ፤
ትርታዋ ቸኮለ፣ ተወት አደረገ፣ ደግሞ ቸኮለ፣
ደረጃ እንደሚወርድ ልጅ፣ አንድ አንዱን እየዘለለ።
ዳክዬዎቿን ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት።
አምስተኛዋ ላይ ተሳሳትን፤
ከመጀመሪያዋ እንደገና ጠራናት።

ያን ማታ የመጨረሻው አውቶቡስ ጥሎኝ ሄደ።
ለካስ የኔው ሰዓት፣
በየጠዋቱ የማሞቀው፣ በጄ ያሳደግኩት፣
ዐሥራ አንድ ላይ ተገትሯል።
ልከፍተው አሰብኩና ኪሴ ከተትኩት።

ስድስት ኪሎ ሜትር፣ በበረዶ፣ በእግሬ።
ስንት ሰዓት ፈጀብህ? ብትሉኝ፣ እንጃ።
ከዳክዬዎቹ ግን
አንዷም ሳትጎድልብኝ ደረስኩ ሰፈሬ።